ከእሳት በፊትና ከእሳት በኋላ፦ ስለ ሸክላና ስለ ጌጡ

በናይሮቢ ብርዱ በሚበረታበት በሐምሌ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በኪሊማኒ ሰፈር በሚኖሩ ወዳጆቼ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። የቤቱ እመቤት ከአዲስ አበባ የመጣላቸውን አዲስ ጀበና በዚያ ቀን ሊያሟሹት ተዘጋጅተዋል። ጀበናው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለም ተቀብቶ፣ በሆዱ ላይ ደግሞ በነጭ ቀለም አበባ ተሥሎበታል። ከሰሉ ላይ ከተጣደ ብዙም ሳይቆይ ቀለሙ ፊኛ እያወጣ ይላጥ ጀመር፤ ከቡናው መዓዛም ቀድሞ የቀለም ሽታ ቤቱን ሞላው። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ የሚታይ እንጂ የሚጣድ አይደለም» አሉ። እመቤቲቱም ፈገግ ብለው፣ «ታዲያ ጋሼ፣ የማይጣድ ጀበና ጀበና ይባላል?» ሲሉ መለሱላቸው።

ሁላችንም ሣቅን። አሮጌው ጀበና ከጓዳ መጣ፤ ቡናውም ተፈላ። የእመቤቲቱ ጥያቄ ግን ከእኔ ጋር ወደ ቤት ገባ። ስለ ጌጥ የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ በዚያች አጭር መልስ ውስጥ ያለ መስሎ ታየኝ። ለሸክላ ጌጥ ማለት ምን ማለት ነው? በላዩ የሚጨመር ነገር ነው ወይስ ከውስጡ የሚወጣ? ከእሳቱ በፊት ነው የሚሠራው ወይስ ከእሳቱ በኋላ? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሸክላ ሠሪ አይደለም። ይሁንና የምንኖርባት ከተማ ናይሮቢ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈለግባት ተገቢ ስፍራ ናት፤ ምክንያቱም በዘመናችን በዓለም ላይ ስማቸው ከገነነ ሸክላ ሠሪዎች አንዷ የተወለዱት እዚሁ ነውና።

አፈሩ የሚጠይቀው

ስለ ጌጡ ከመናገራችን በፊት ስለ አፈሩ ጥቂት ማለት ግድ ይላል። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኰስ ይኮማተራል። ርዝመቱ 100 ሳንቲ ሜትር የሆነ እርጥብ ሸክላ ከእሳት ሲወጣ፣ እንደ አፈሩ ዓይነት፣ ከ5 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር አጥሮ ሊገኝ ይችላል። እንግዲህ ከሁለት የተለያዩ ስፍራዎች የተቆፈሩ፣ አንዱ ብዙ ሌላው ጥቂት የሚኮማተሩ አፈሮችን አጣብቆ አንድ ዕቃ ለመሥራት የሚሞክር ሰው፣ መጋጠሚያው ላይ ስንጥቅ ያተርፋል። በእሳቱም ውስጥ ቢሆን ፈተናው አያበቃም። ሙቀቱ ወደ 573 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በአፈሩ ውስጥ ያለው የኳርትዝ አሸዋ በድንገት ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝም በዚያው ነጥብ ላይ መልሶ ይጨመታል። አንዱ አፈር አሸዋ የበዛበት፣ ሌላው ያነሰበት ከሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ተስማምተው የቆዩት ሁለቱ አፈሮች በዚህ ጊዜ ይለያያሉ።

የእሳታቸውም ልክ ይለያያል። በሜዳ ላይ በእንጨት፣ በሣርና በኩበት የሚተኰሰው የአገራችንና የምሥራቅ አፍሪካ ሸክላ በአብዛኛው ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይበቃዋል። ድንጋይ መሰል የሚባለው ጠንካራ ሸክላ ግን ከ1200 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ለ800 ዲግሪ የሚሆነው ቀይ አፈር በ1250 ዲግሪ እቶን ውስጥ ቢገባ ያብጣል፣ ይቀልጣል፣ ቅርጹንም ያጣል። በአንጻሩ ለ1250 የተመደበው አፈር በኩበት እሳት ቢተኰስ ሳይበስል ጥሬውን ይወጣል።

ስለዚህ «ሁለት አፈር በአንድ እሳት» የሚለው አባባል ለጆሮ ቢጥምም፣ በተለይም እንደኛ በሰው አገር ለሚኖር ሰው ምሳሌነቱ ቢያጓጓም፣ ሸክላ ሠሪዋ ግን እንዲህ ቀላል አድርጋ አትመለከተውም። አፈሮቹ አብረው እንዲቀመጡ ፍቅር አይበቃቸውም፤ እኩል መኮማተር አለባቸው። እኩል እንዲኮማተሩም አሸዋ ትጨምርበታለች፣ ወይም አሮጌ ገል ወቅጣና ነፍታ ትቀላቅልበታለች። አንድ ጊዜ እሳት ያየው ገል ሁለተኛ ስለማይኮማተር፣ አዲሱን ጭቃ ደግፎ ያቆመዋል። የተሰበረው እንስራ ለሚመጣው እንስራ አጥንት ይሆነዋል ማለት ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚለው ተረት የድህነቷ መግለጫ ተደርጎ ሲነገር ኖሯል፤ ገሉ ለሙያዋ ምን እንደሚሠራላት ግን ተረቱን ያወጣው ሰው ያወቀ አይመስልም።

ገመዱን የሚያንከባልሉ እጆች

ከናይሮቢ ወደ ምዕራብ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ፣ የሉዎ ሕዝብ ሴቶች አጉሉ የሚሉትን ማሰሮ ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ይሠራሉ። ጌጣቸው ቀለም አይደለም። የተጠማዘዘ ገመድ ወይም የተጎነጎነ ሣር ገና እርጥብ በሆነው ገላ ላይ ያንከባልላሉ፤ ገመዱም ያለፈበትን መንገድ እንደ ጥልፍ ጽፎ ይሄዳል። ጌጡ የሚሠራው ጭቃው ገና ሊቀበል በሚችልበት በዚያች አጭር ጊዜ ነው፤ እጅግ ሲረጥብ ይጨፈለቃል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ከዚህ የተነሣ ጌጥ ከእሳት ጋር ብቻ ሳይሆን ከሰዓትም ጋር የተሳሰረ ነው። በዚያ ላይ ጥቅም አለው፤ እርጥብ እንስራ የምታነሣ ሴት እጅ ሸካራውን ቆንጠጥ አድርጎ ይይዛልና።

ተመራማሪዋ ኢንግሪድ ኸርቢክ እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ እነዚህ ሸክላ ሠሪዎች ያሳተሙት ጥናት ለሃያሲ ትልቅ ትምህርት አለው። በተለምዶ የሸክላ ጌጥ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል ተብሎ ይገመታል። በሉዎ ዘንድ ግን ሴት ልጅ ስታገባ ወደ ባሏ መንደር ስለምትሄድ፣ ብዙዎች ሙያውን የሚማሩት ወይም ዳግመኛ የሚማሩት ከአማታቸውና በዚያው መንደር ካሉ ሸክላ ሠሪዎች ነው። በመሆኑም አንድ ጌጥ የሚያመለክተው የደም ሐረግን ሳይሆን አብረው ተቀምጠው የሚሠሩ ሴቶችን ማኅበር ነው። ሙሽራይቱ የመጣችበትን መንደር እጅ ትታ የደረሰችበትን እጅ ትለምዳለች። ስለ ባህል ስንጽፍ «ከጥንት ከአያት ቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ» ማለት ለሚቀናን ለእኛ ይህ ጥሩ ማረሚያ ነው።

ይህ ማለት ግን ጥንታዊነት የለም ማለት አይደለም። በዚያው በምዕራብ ኬንያ ኡሬዌ በተባለው ስፍራ የተገኙና ሜሪ ሊኪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተሙት ጥናት የታወቁ ማሰሮዎች አሉ። በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ብረት ማቅለጥን ከጀመሩ ሕዝቦች ጋር የሚያያዙት እነዚህ ዕቃዎች፣ በከንፈራቸውና በትከሻቸው ዙሪያ በጥንቃቄ የተጫሩ መስመሮች አሏቸው። በአንዳንዶቹ መቀመጫ ላይ ደግሞ አንድ ሰው በጣቱ የተጫነው የሚመስል ጎድጓዳ ምልክት ይታያል። ዕቃው ሲቀመጥ ያ ምልክት አይታይም። ለማን እንደተደረገ እንጃ፤ ለቀለም ሻጭ እንዳልተደረገ ግን የተረጋገጠ ነው።

የላዲ ክዋሊ ነጭ አፈር

የተለያዩ አፈሮችን አብሮ መተኰስ ወደ ጥበብ ደረጃ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ናይጄሪያ ጎራ ማለት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአቡጃ የሸክላ ማሠልጠኛ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1954 ወደዚያ የገቡት የግዋሪ ተወላጅ ላዲ ክዋሊ ከዚያ በፊትም በአካባቢያቸው የታወቁ ባለሙያ ነበሩ። እንሽላሊት፣ ጊንጥ፣ ዓሣና ሌሎችም ምስሎች በእንስራዎቻቸው ላይ ይጭሩ ነበር። በአቡጃ የተለወጠው እሳቱና አፈሩ ነው። ክዋሊ ያንኑ ትልቅ እንስራ በዚያው በእጅ በማነጽ ዘዴ፣ ነገር ግን ለከፍተኛ ሙቀት ከሚሆን አፈር ሠሩ፤ የጫሩትን መስመር በቀጭኑ በተበጠበጠ ነጭ አፈር ሞሉት፤ ከዚያም ግሌዝ በተባለው እንደ ብርጭቆ በሚያንጸባርቅ ቅብ ሸፍነው በእቶን አበሰሉት። ጠቆር ያለው አፈርና ነጩ አፈር በአንድ እሳት አብረው አለፉ፤ አልተለያዩምም።

ይህ ሥራ ለክዋሊ ታላቅ ክብር አስገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 የአህመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል፤ ካረፉም በኋላ ከ2007 ጀምሮ ምስላቸው በናይጄሪያ የ20 ናይራ ኖት ጀርባ ላይ ታትሟል። አንዲት ሸክላ ሠሪ በገንዘብ ላይ! የእኛ አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ፤ ወደ ነገሩ በኋላ እንመለስበታለንና።

ነገር ግን ሃያሲ የሚያመሰግን ብቻ መሆን የለበትም። የድሮው የግዋሪ እንስራ፣ እንደ እኛው እንስራ ሁሉ፣ ያላብ ነበር። በቀዳዳዎቹ ጥቂት በጥቂት የሚወጣው ውኃ ሲተን የቀረውን ያቀዘቅዘዋል፤ የእንስራ ውኃ ጣዕም ምሥጢርም ይህ ነው። በ1250 ዲግሪ ገደማ የበሰለና ግሌዝ የለበሰ እንስራ ግን አያልብም፤ ስለማያልብም ውኃ አያቀዘቅዝም። ጌጡ ከነሙሉ ውበቱ ተሻገረ፤ የጌጡ ባለቤት የነበረው ሥራ ግን ወንዝ ማዶ ቀረ። ይህን የምለው የክዋሊን ሥራ ለማሳነስ አይደለም። ማንኛውም የእሳት ለውጥ ዋጋ እንዳለው ለማሳየት ነው። የክዋሊ ታላቅነትም ዋጋውን ከፍለው በምትኩ ያገኙት ነገር እውነተኛ መሆኑ ላይ ነው።

ኦዱንዶ፦ እሳት ሠዓሊ ሲሆን

አሁን ወደ ናይሮቢዋ ልጅ እንመለስ። ማግዳሌን ኦዱንዶ እ.ኤ.አ. በ1950 በዚህች ከተማ ተወለዱ። የልጅነት ዘመናቸው በከፊል በሕንድ አገር አልፏል። በወጣትነታቸው የተሰማሩት በግራፊክ ጥበብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ እንግሊዝ አገር የሄዱትም ይህንኑ ለመማር ነው። በኬምብሪጅ ሸክላን አገኙ፤ ወይም ሸክላ አገኛቸው ማለት ይቀላል። ከካርዲው ጋር በነበራቸው ትውውቅ እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ1975 ወደ አቡጃ ሄደው ከላዲ ክዋሊና ከሌሎች ሴቶች በእጅ ማነጽን ተማሩ። በኋላም በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ በሳን ኢልዴፎንሶ መንደር፣ በማሪያ ማርቲኔዝ እጅ የታወቀውን ጥቁርና አንጸባራቂ ሸክላ ተመለከቱ። ትምህርታቸውን በፋርንሃምና በለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦቭ አርት አጠናቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2020 «ዴም» የሚለውን የእንግሊዝ የክብር ማዕረግ አገኙ።

የሚደንቀው ነገር፣ ሥዕል ተምረው የወጡት እኚህ ሴት በሸክላቸው ላይ ሥዕል አለመሣላቸው ነው። ከአስተማሪያቸው ከክዋሊ እንሽላሊቱንና ጊንጡን አልወሰዱም፤ የወሰዱት እጁን ነው። ዕቃውን ያለ መሽከርከሪያ ያንጻሉ፤ ይፍቃሉ፤ እጅግ በቀጠነ የአፈር ብጥብጥ ይቀባሉ፤ እንደገናም በድንጋይና በመሣሪያ እየፈተጉ ገላው ብርሃን እስኪመልስ ድረስ ያለሰልሱታል። ግሌዝ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለእሳት ይተዉለታል።

እሳቱም ይሥላል። አየር እንደ ልብ በሚገባበት እቶን ውስጥ በአፈሩ ያለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ዕቃው እንደ ብርቱካን የቀላ ሆኖ ይወጣል። ያው ዕቃ ለሁለተኛ ጊዜ ከሚጤስ እንጨት ጋር ታፍኖ፣ አየር ተነፍጎት ሲተኰስ ይጠቁራል። ጢሱ በከፊል ሲደርሰውና በከፊል ሲያልፈው ደግሞ፣ በቀዩ ገላ ላይ እንደ ደመና የተዘረጋ ጥቁረት ይታያል። አፈሩ አንድ ነው፤ ሁለት አፈር የሚያስመስለው የእሳቱ ትንፋሽ ነው። ክዋሊ ሁለት አፈር በአንድ እሳት አስማሙ፤ ኦዱንዶ ደግሞ አንዱን አፈር በሁለት እሳት ለያዩት። የተማሪነታቸውና የራሳቸውን መንገድ የመያዛቸው ምልክት፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ ይኸው ነው።

ቅርጹን በተመለከተ የአማርኛ ተናጋሪ ከሌላው ተመልካች አንድ ብልጫ አለው። እኛ ለእንስራ አፍ፣ አንገት፣ ጆሮና ሆድ አለው እንላለን። የኦዱንዶ ዕቃዎች ደግሞ ይህንኑ ቋንቋ በቅርጽ የሚናገሩ ናቸው። አንገታቸው ረዝሞ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ከንፈራቸው ተገልብጦ ይከፈታል፤ ሆዳቸው እንደ እርጉዝ ሴት ይሞላል፤ በአንዳንዶቹም ትከሻ ላይ እንደ አከርካሪ አጥንት ያሉ ጥቃቅን ጉብታዎች ተደርድረዋል። ያ ጉብታ ከገላው የበቀለ ስለሆነ የተለጠፈ አይመስልም። ጌጥ ብለን ልንጠራው ከፈለግን ይህ ነው ጌጡ።

ቅሬታዬንም አልደብቅም። የኦዱንዶ ሥራዎች በጨረታ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ፓውንድ ይሸጣሉ፤ አብዛኞቹም በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞችና ሰብሳቢዎች እጅ ናቸው። ውኃ አይቀዳባቸውም፤ አይጣዱም። ታዲያ የእመቤቲቱ ጥያቄ ለእርሳቸውስ አይደርስም ወይ? የማይቀዳበት እንስራ እንስራ ይባላል? ለብዙ ጊዜ ይህን ጥያቄ እንደ ክስ ይዤው ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን በቀለም በተቀባው ጀበናና በኦዱንዶ ዕቃ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ሆኖልኛል። የኦዱንዶ ዕቃ እጣዳለሁ ብሎ አይዋሽም። ለመታየት ተሠራ፤ ለመታየትም እስከ ጥልቁ ድረስ ሸክላ ሆነ። ቀለም የተቀባው ጀበና ግን ጀበና ነኝ ይላል፤ እሳት ሲያይ ይክዳል።

ሁለተኛው ቅሬታ ለመመለስ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር በሄፕወርዝ ዌክፊልድ የተከፈተው የኦዱንዶ ትልቅ ዐውደ ርእይ ሥራዎቻቸውን ከልዩ ልዩ አህጉራትና ዘመናት ከተሰበሰቡ ዕቃዎች ጋር ጎን ለጎን አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በለንደን የሚኖር ሰው የናይሮቢዋን ልጅ ሥራ ለማየት ያለው ዕድል ከናይሮቢ ነዋሪ የበለጠ ሆኖ መገኘቱ፣ ሠዓሊዋን ሳይሆን ዘመናችንን የሚያስወቅስ ነው።

ካዙሪና ጂኮ

ናይሮቢ ውስጥ ግን እጅ የሚነካው ሸክላ የለም አይደለም። በካረን ሰፈር ያለው ካዙሪ እ.ኤ.አ. በ1975 በሱዛን ውድ አማካይነት ከጥቂት ሴቶች ጋር ተጀምሮ፣ በኋላ ብዙ መቶ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ሆኗል፤ አብዛኞቹም ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው። ስሙ በስዋሂሊ «ትንሽና ቆንጆ» ማለት ነው። ከኬንያ ተራራ አካባቢ ከሚመጣ አፈር ዶቃና የገበታ ዕቃ ይሠራሉ፤ አንድ ጊዜ ተኩሰው በልዩ ልዩ ቀለም ግሌዝ ያስጌጡታል፤ እንደገናም ይተኩሱታል። እዚህ ላይ ቀለሙ ከመጀመሪያው እሳት በኋላ ቢመጣም ከሁለተኛው እሳት በፊት ነው፤ ስለዚህ ከአፈሩ ጋር ቀልጦ ይዋሐዳል። ጥፍር አያነሣውም። ንድፎቹ አንዳንድ ጊዜ ቱሪስትን ለማስደሰት የተቻኮሉ ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ሥራው ግን ታማኝ ነው። እንጀራ የሚወጣበት ሥራም ሆኖ ሳለ ታማኝነቱን መጠበቁ ሊቆጠርለት ይገባል።

ከዚህም ዝቅ ብሎ፣ ማንም ጥበብ ብሎ የማይጠራው አንድ ሸክላ አለ። በናይሮቢ ሰፈሮች ሁሉ የሚታየው፣ ወገቡ የቀጠነ የቆርቆሮ ምድጃ ጂኮ ውስጡ የሸክላ ገበር አለው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተስፋፋው ይህ ምድጃ ብረትንና ሸክላን በእሳት ዙሪያ ያስማማ ነው። ሲሞቁ እኩል ስለማያብጡ፣ በመካከላቸው ሲሚንቶና ቬርሚኩላይት የተባለው ለስላሳ ማዕድን ይገባል። የአገራችን ላቀች ምድጃም የዚሁ የናይሮቢ ጂኮ ዘመድ ናት። ጌጥ የላትም። ይሁንና በዕለት ተዕለት እሳት የሚፈተን ዕቃ ምን ዓይነት ሐቀኝነት እንደሚጠየቅ ከእርሷ በላይ የሚያስተምር አላየሁም። ያልተስማሙ አፈሮች ከሆኑ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል፤ ገዢውም ወደዚያ ሠሪ አይመለስም። ለሸክላ ከዚህ የከረረ ሂስ የለም።

ቀለሙ የሚሸፍነው

እንግዲህ ወደ ጀበናው እንመለስ። ያንን ጀበና የሠራችው እጅ ጥፋት የለባትም። ቅርጹ ሚዛኑን የጠበቀ ነበር፤ አንገቱም ከሆዱ ጋር ያለ ስንጥቅ ተጋጥሟል። ቀለሙ በተላጠበት ስፍራ ሁሉ ከሥሩ በድንጋይ የተፈተገ፣ ጠቆር ያለ ውብ ገላ ይታይ ነበር። ጌጡ ድሮውንም እዚያው ነበር። በአገራችን በብዙ ቦታ ጀበና ገና እንደጋለ በጭድ ወይም በቅጠል ጢስ እየታፈነ ይጠቁራል። ኦዱንዶን በዓለም ሙዚየሞች ያስከበረው የእሳት ትንፋሽ በቀጨኔና በጎንደር ወለቃ ያሉ እናቶች ሲሠሩበት የኖሩት ነው። ታዲያ ያን ገላ በዘይት ቀለም መሸፈን ለምን አስፈለገ?

«ገበያው ስለፈለገው» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ገበያውስ ለምን ፈለገው? እዚህ ላይ አንድ የልጅነት ትዝታዬን መናገር ግድ ይለኛል። አያቴ ቤት በየጊዜው እንስራና ምጣድ ይዘው የሚመጡ አንዲት ሴት ነበሩ። አያቴ ደግ ሰው ነበሩ፤ ለማኝ ከደጃቸው ባዶ እጁን አይመለስም። ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ግን የሚነጋገሩት በአጥሩ በር ላይ ቆመው ነው። እኛ ልጆችም ዓይናቸውን እንዳናይ ወደ ውስጥ እንድንገባ ይነገረን ነበር፤ ቡዳ ናቸው ይባል ነበርና። ምጣዱ ተገዝቶ ይገባል፤ በጎመን ዘር ይታሻል፤ ይሟሻል፤ የዓመት በዓል እንጀራም ይጋገርበታል። ሸክላው ገባ፤ ሠሪዋ ደጅ ቀረች። የሴትዮዋን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም።

በቀጨኔም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል በሸክላ ሠሪዎች ላይ የተጫነው ይህ ንቀት የሁላችንም ታሪክ ነው። እንግዲህ የኔ ግምት ይህ ነው፦ ቀለሙ የሚሸፍነው አፈሩን ብቻ አይደለም፤ እጁንም ነው። ጥቁር፣ ጢስ የሸተተው፣ የጣት አሻራ ያለበት ሸክላ የመጣበትን ያስታውሰናል። ደማቁ ቀለም ግን ጀበናውን ከሠሪዋ ለይቶ «የባህል ዕቃ» ያደርገዋል። ባህል ስንለው ባለቤቱ ሁላችንም እንሆናለን፤ ሠሪዋንም ማወቅ አያስፈልገንም። ከናቅነው እጅ የወጣውን ዕቃ ሳንሸማቀቅ በሳሎናችን ለማስቀመጥ ቀለም እንደ ይቅርታ ሆኖ ያገለግለናል። ይቅርታው ግን ለራሳችን እንጂ ለእርሷ አይደለም።

ይህን ስል በቀለም የሚያስጌጡ ወጣቶችን እንጀራ ለመንፈግ አይደለም። ቀለም የሚወድ ሰው ለመደርደሪያ የሚሆን ዕቃ ቢቀባ ማን ይከለክለዋል? የምለው፣ ጌጥ ከእሳት በፊት ይሁን፤ ወይም እንደ ካዙሪ ከእሳት ጋር ይሁን፤ ካልሆነም ዕቃው እሳት እንደማያይ በግልጽ ይነገር ነው። ከሁሉም በላይ ግን፣ የላዲ ክዋሊ አገር ለሸክላ ሠሪዋ በገንዘቡ ላይ ስፍራ ከሰጠ፣ እኛ ቢያንስ በጀበናው መቀመጫ ላይ ለስሟ የሚሆን ስፍራ አናጣም። ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ በእንጨት ጫፍ የተጫረ ስም ከእሳት በኋላ አይለቅም። ገዢው ቢጠይቅ ሠሪዋ ትጽፋለች፤ መጻፍ ባትችል ምልክቷን ታኖራለች።

ወዳጄ ያንን ጀበና አልጣሉትም። በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ቀለሙን በአሸዋና በውኃ ፍቀው ፍቀው አስለቅቀውት፣ ሁለት ሦስት ጊዜም አፍልተውበት አገኘሁት። በአንገቱ ሥር ጥቂት አረንጓዴ ቀርቶበታል፤ ሆዱ ግን ጥላሸት ይዞ ጠቁሯል። አቦሉ ሲቀዳ እነዚያው አዛውንት ጀበናውን ትኩር ብለው አይተው፣ «አሁን አማረበት» አሉ። እመቤቲቱም፣ «ማን እንደሠራው ባወቅሁ ኖሮ፣ ጋሼ፣ ምስጋና እልክ ነበር» አሉ።

ለዚያ ምስጋና የሚሆን አድራሻ ያልነበረን ሁላችንም ነን። ቸር ይግጠመን።